ጉልበታችን ከየት ይመጣል? ቤት ውስጥ በእጃችሁ እየሠራችሁ የምታዩበት ዝርዝር መመሪያ

"ሚቶኮንድሪያ የሴል የኃይል ማመንጫ ነው።" ይህችን ዐረፍተ ነገር ሃይስኩል የገባ ልጅ ሁሉ በቃሉ ይዟታል። ፈተና ላይ ይጽፋታል፣ ማርኩን ያገኛል፣ አለቀ። "እስኪ ምን ማለት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ዝም ይላል። አይፈረድበትም፤ ማንም አላሳየውም።

እኔ ደግሞ ይህ ነገር በቃል ብቻ መያዙ ያንገበግበኛል። ምክንያቱም የሚታይ ነገር ነው! ውድ መሣሪያ አይፈልግም፣ ላብራቶሪ አይፈልግም። ሐዋሳ ውስጥ ከገበያ፣ ከሰፈር ሱቅና ከፋርማሲ በሚገኝ ዕቃ ብቻ ከፀሐይ እስከ ጡንቻችሁ ያለውን መንገድ ደረጃ በደረጃ መከተል ይቻላል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለተማሪዎች፣ ለሳይንስ አስተማሪዎች፣ ልጆቻቸው በጥያቄ ለሚያጣድፏቸው ወላጆችም ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ምግብ ጉልበት አይፈጥርም። ሴልም አይፈጥርም። ጉልበት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ ከምንም አይመጣም። ከፀሐይ ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ እህል፣ ከእህል ወደ ሴል፣ ከሴል ወደ እንቅስቃሴና ወደ ሙቀት። ከታች ያሉት አምስት ሥራዎች በሙሉ የዚህን መንገድ አንድ አንድ ክፍል የሚያሳዩ ናቸው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቁ።

ዕቃ መሰብሰብ

ከገበያ፦ ትኩስ ቆስጣ፣ አንድ ድንች፣ ግማሽ ኪሎ ገብስ (ያልተፈተገ፣ ለብቅል የሚሆን)። ከሱቅ፦ ደረቅ እርሾ፣ ስኳር፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ፊኛ፣ ስትሮ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ በረኪና። ከፋርማሲ፦ መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ የቁስል አዮዲን፣ ጥጥ። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ፦ ትንሽ ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ። ከቤት ደግሞ ባለ ግማሽ ሊትር ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች፣ ብርጭቆዎች፣ ነጭ ሳህን፣ ሁለት ፔርሙዝ። ቴርሞሜትር ከትምህርት ቤት ብትዋሱ ጥሩ ነው። የትኩሳት መለኪያው አይሆንም፤ ከሰውነት ሙቀት ብዙ ዝቅ ያለውን አያነብም።

ቤኪንግ ሶዳ ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ። ባለሱቁ "ያው ነው" ብሎ ቤኪንግ ፓውደር ሊሰጣችሁ ይችላል። ያው አይደለም። ፓውደሩ ውስጥ አሲድና ስታርች ተቀላቅሎበታል፣ ውሃ ሲነካው ይፈላና ሥራችሁን ያበላሻል።

ሥራ አንድ፦ ቅጠሉ ሲተነፍስ ማየት

ከሁሉም ይበልጥ የምወደው ይህን ነው። ሁለት ነገር በአንድ ብርጭቆ ያሳያል፦ ቅጠል ጉልበት ሲያጠራቅምና ያጠራቀመውን ራሱ ሲጠቀምበት።

በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ (አንድ ትልቅ ብርጭቆ) ውስጥ በቢላ ጫፍ የሚያዝ ቤኪንግ ሶዳ አሟሙ። ሶዳው ለቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያቀርብለታል። ከዚያ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና ቀስ ብላችሁ አማስሉ። አረፋ እንዳይወጣ። ሳሙናው የቅጠሉን ሰም የመሰለ ገጽ አልፎ ውሃው ወደ ውስጥ እንዲገባ ይረዳል።

አሁን ቆስጣውን ዘርጉትና በስትሮ ጫፍ ወይም በወረቀት መብሻ ወፍራም ደም ሥሩን እየሸሻችሁ 10 ትናንሽ ክቦች ቁረጡ። የስሪንጁን መግፊያ አውጡ፣ ክቦቹን ጨምሩ፣ መግፊያውን መልሱና ቅጠሉን ሳትጨፈልቁ ወደ ታች ግፉ። ከሶዳው ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ሳቡ። ስሪንጁን ወደ ላይ ገልብጣችሁ የቀረውን አየር አስወጡ። ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው፦ ጫፉን በጣታችሁ ግጥም አድርጋችሁ ዝጉና መግፊያውን ወደ ኋላ ስባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ከቅጠሎቹ ዳር ጥቃቅን አረፋ ሲወጣ ታያላችሁ። ይህ በቅጠሉ ውስጥ የነበረው አየር ነው። ጣታችሁን ስትለቁ ውሃ ቦታውን ይይዛል፣ ክቦቹም እየከበዱ ይሰምጣሉ። ካልሰመጡ አንድ ሁለቴ ድገሙት። ከዚያ በላይ ከሳባችሁ ግን ሴሎቹ ይጎዳሉ።

የሰመጡትን ክቦች በሶዳው ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ገልብጡና የረፋድ ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። ሌላ ብርጭቆ ደግሞ በዚሁ መንገድ አዘጋጅታችሁ ካርቶን ድፉበት። በየደቂቃው ስንት ክብ እንደተንሳፈፈ ጻፉ። ጥሩ ፀሐይ ካለ ደቂቃዎች ሳይቆይ አንዱ ጠርዙ ላይ ትንሽ አረፋ ይይዝና ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ብድግ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ሌሎቹም ይከተላሉ። በካርቶኑ ሥር ያሉት እዚያው ተኝተዋል።

አረፋው ኦክስጅን ነው። ብርሃኑ በቅጠሉ ክሎሮፕላስት (በሴሉ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ክፍል) ውስጥ ውሃን ይሰነጥቃል፤ ኦክስጅኑ ይወጣል፣ ከውሃው የተገኙት ኤሌክትሮኖችና ሃይድሮጅን ደግሞ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ተጭነው ስኳር ይሆናሉ። የፀሐይ ጉልበት ስኳሩ ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። ጃን ኢንግንሃውስ የሚባል ሆላንዳዊ ሐኪም ውሃ ውስጥ የነከራቸው ቅጠሎች በፀሐይ አረፋ እንደሚያወጡ፣ በጨለማ ግን እንደማያወጡ አሳይቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1779 ነው።

አሁን ብርጭቆውን አታፍስሱ። ሁሉም ከተንሳፈፉ በኋላ ካርቶን ድፉበትና ጠብቁ። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ አልፎ አልፎ ብርጭቆውን በቀስታ አንቀሳቅሱት። ክቦቹ አንድ በአንድ ተመልሰው ይሰምጣሉ። ለምን? ቅጠሉ ኦክስጅኑን እየተጠቀመበት ነዋ! ብዙ ተማሪ "ተክል ቀን ፎቶሲንተሲስ ይሠራል፣ ማታ ይተነፍሳል" ብሎ ያስባል። ልክ አይደለም። ተክል ቀንም ሌሊትም ይተነፍሳል፤ ቀን ላይ የሚሠራው ከሚጠቀመው ስለሚበልጥ ነው የማይታወቀን።

ሥራ ሁለት፦ እህሉ አፍ ውስጥ ሲሰበር

ተክሉ ስኳሩን እንደ ስኳር አያስቀምጠውም። እርስ በርሱ ቀጣጥሎ ስታርች ያደርገዋል። ጤፉም ድንቹም በቆሎውም በአብዛኛው ይኸው ነው። ሴላችን ግን ረጅሙን ሰንሰለት ማስገባት አይችልም፤ መጀመሪያ መቆራረጥ አለበት።

ድንቹን ፈቅፍቃችሁ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ቀቅሉና በንጹህ ጨርቅ አጥልሉ። ይቀዝቅዝ። በሁለት ስኒ ሁለት ሁለት ማንኪያ ጨምሩ። አፋችሁን በውሃ ተጉመጥሙጡና በአንደኛው ስኒ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ምራቅ ጨምሩ፣ በሁለተኛው ላይ ያንኑ ያህል ውሃ። ሁለቱንም ለብ ባለ ውሃ ሳህን ውስጥ አቁሙ። አዮዲኑን ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥኑትና በነጩ ሳህን ላይ በተርታ ጠብታ ጠብታ አድርጉ። በየሁለት ደቂቃው ከእያንዳንዱ ስኒ አንድ ጠብታ ወስዳችሁ አዮዲኑ ላይ ጣሉ።

ስታርች ካለ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። የውሃው ስኒ እስከ መጨረሻው ይጠቁራል። የምራቁ ግን እየቆየ ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ አዮዲኑ የራሱ ቀለም ይሄዳል። ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም (የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ሰንሰለቱን እየቆረጠው ነው። እንጀራን ብዙ ስታኝኩት የሚመጣው ጣፋጭነትም ከዚሁ ነው። ሥራው ጨጓራ ውስጥ አሲዱ ስለማይመቸው ይቆማል፣ ትንሹ አንጀት ላይ ከቆሽት (ፓንክሪያስ) በሚመጣ ሌላ አሚሌዝ ይቀጥላል፣ በመጨረሻም ግሉኮስ የሚባል ቀላል ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር አለ፣ ሁልጊዜ የሚገርመኝ። ጤነኛ ሰው በመላ ደሙ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዞረው ግሉኮስ 5 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ! የቀረው ተቀምጧል፦ ጉበት ውስጥ 100 ግራም ያህል፣ ጡንቻ ውስጥ 400 ግራም ያህል ግላይኮጅን (እርስ በርሱ የተቀጣጠለ ግሉኮስ)፣ ከዚያ ደግሞ ስብ። ስብ በግራም 9 ኪሎካሎሪ ይይዛል፣ ስኳርና ስታርች 4። ስትጾሙ እስከ 9 ሰዓት ድረስ አእምሯችሁ የሚሠራው ጉበት ከመጋዘኑ እየቆነጠረ ወደ ደም ስለሚለቅ ነው። አእምሮ ቁጭ ባላችሁበት እንኳ ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት 20 ከመቶ የሚሆነውን ብቻውን ይወስዳል። የጉበቱ መጋዘን አንድ ቀን ገደማ ቢያስኬድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ሸክም ወደ ስብ ይዞራል።

ሥራ ሦስት፦ ያለ አየር መኖር

ግሉኮሱ ሴል ውስጥ ገባ። አሁን ምን ይደረጋል? ይህን ለማየት እርሾን የሚስተካከል የለም። እርሾ ሕይወት ያለው ነው፣ ባለ አንድ ሴል ፈንገስ። ደረቁ ዱቄት ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም።

ሦስት የሃይላንድ ጠርሙስ አዘጋጁና "ሀ"፣ "ለ"፣ "ሐ" ብላችሁ ጻፉባቸው። በእያንዳንዱ 200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይግባ፤ አንጓችሁ ላይ ጠብ ስታደርጉት የሚመች እንጂ የማያቃጥል። "ሀ" ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾና ሁለት ማንኪያ ስኳር። "ለ" ላይ እርሾ ብቻ። "ሐ" ላይ ስኳርና የሞተ እርሾ፤ ለመግደል የፈላ ውሃ አፍስሱበትና እስኪበርድ ጠብቁ። ፊኛዎቹን መጀመሪያ ነፍታችሁ አላሏቸው፣ ከዚያ በጠርሙሱ አፍ ላይ ግጥም አድርጋችሁ አልብሱ።

በክዳን አትዝጉ። ይህን በደንብ ስሙኝ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

በሐዋሳ ሙቀት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ የ"ሀ" ፊኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ይነፋል። ዙሪያውን በክር ለኩና በማስመሪያ አንብቡት። "ለ" ትንሽ ብቻ ሊንቀሳቀስ ይችላል፣ "ሐ" እንደተንጠለጠለ ይቀራል። "ለ" እና "ሐ"ን አትዝለሏቸው። እነሱ ከሌሉ "ፊኛው የተነፋው ውሃው ስለሞቀ ነው" ለሚላችሁ ሰው መልስ የላችሁም። ሳይንስ ያለ ማወዳደሪያ ጨዋታ ብቻ ነው፣ በዚህ አልደራደርም።

ጠርሙሱን ከፍታችሁ አሽቱት። ጠላ ጠላ ይላል። እርሾው አንዱን ግሉኮስ በ10 ደረጃ እየሰባበረ ፓይሩቬት ለሚባሉ ሁለት ስባሪዎች ይከፍለዋል፤ ከዚያም በትርፍ 2 ኤቲፒ ያገኛል። ኤቲፒ የማንኛውም ሴል የእጅ በእጅ ጉልበት ነው፤ ጡንቻ ሲኮማተር፣ ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ፣ አዲስ ፕሮቲን ሲሠራ የሚወጣው እሱ ነው። ችግሩ ስኳሩ ሲሰበር የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ተቀባይ ካላገኙ ሥራው በሙሉ ይቆማል። ኦክስጅን በሌለበት እርሾ ኤሌክትሮኖቹን ከራሱ ከስኳሩ ስባሪ ላይ ይጥላቸዋል፣ በዚህም አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ወተት የሚያረጉት ባክቴሪያዎችና በሩጫ የተጨነቀ ጡንቻችን ደግሞ ላክቲክ አሲድ ያደርጉታል።

ቆጮም እንዲሁ ነው። በሲዳማ ወሳ የሚባለው። የተፋቀው እንሰት በቅጠል በተጠቀለለ ጉድጓድ ውስጥ ታፍኖ ሲቀበር አየር ይጠፋል፣ እዚያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ያለ ኦክስጅን ለመኖር ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፣ አሲዱ ደግሞ ሌላ የሚያበላሽ ተሕዋስ እንዳይገባ ይከለክላል። እናቶቻችን ይህን ያለ መጽሐፍ ሲሠሩት ኖረዋል።

"ይህን ሁሉ የሚሠራው የሕይወት ልዩ ኃይል ነው" የሚለው ክርክር ለረጅም ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ጀርመናዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ቡክነር እርሾን ፈጭቶ፣ ጨምቆ፣ አንድም ሕያው ሴል የሌለበት ጭማቂ ስኳርን እንደሚያቦካ አሳየ። ሥራውን የሚሠሩት ኢንዛይሞቹ ናቸው ማለት ነው። በ1907 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

ፊኛው ውስጥ ያለው ጋዝ በእርግጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን አረጋግጡ። አንድ ማንኪያ ኖራ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡ፣ ሌሊቱን ይረፍ፣ ከላይ የጠራውን ብቻ ቀስ ብላችሁ ቅዱ። ኖራው ውሃ ሲነካው የሚሞቅ ከሆነ ያልጠፋ (ገና ከውሃ ጋር ያልተዋሃደ) ነው፣ ልጆች እንዳይነኩት። የጠፋውም ቢሆን ዓይን ይጎዳል፤ መነጽር አድርጉ። ፊኛውን አፉን ቆንጥጣችሁ አውጡ፣ ስትሮ አስገቡበትና ጋዙን በጠራው ውሃ ውስጥ ልቀቁት። ወተት ይመስላል። አሁን በሌላ ብርጭቆ የራሳችሁን ትንፋሽ በስትሮ አስወጡበት። አትሳቡ፣ ንፉ ብቻ። እሱም ይነጣል። የምታስገቡት አየር ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 0.04 ከመቶ ነው፣ የምታስወጡት 4 ከመቶ ገደማ። መቶ እጥፍ። ብዙ ከነፋችሁ ግን ነጩ ተመልሶ ይጠራል፤ ጋዙ ሲበዛ ነጩን ነገር ያሟሟዋል። እንደነጣ አቁሙ።

ሥራ አራት፦ ብቅሉ ለምን ይሞቃል?

ጠላ የሚጠምቅ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፦ በቅጠል የተጠቀለለ ብቅል ውስጥ እጅ ሲገባ ይሞቃል። እሳት የለ፣ ፀሐይ የለ። ሙቀቱ ከየት መጣ?

ገብሱን ለአንድ ሌሊት ዘፍዝፉ፣ አጥልሉ፣ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አድርጋችሁ ሁለት ቀን ይብቀል። ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን 10 ደቂቃ ቀቅሉና አቀዝቅዙ። ከዚያ በረኪና በአስር እጥፍ ውሃ አቅጥናችሁ ሁለቱንም ለጥቂት ደቂቃ ንከሩበትና ደህና አድርጋችሁ እጠቡ። ይህ ለምን አስፈለገ? ካልታጠበ በተቀቀለው ላይ ሻጋታና ባክቴሪያ ይበቅልበትና እሱም ይሞቃል፤ ያኔ ማወዳደሪያችሁ ተበላሸ። ሁለቱን በሁለት ፔርሙዝ እስከ ሁለት ሦስተኛው ሙሉ፣ ቴርሞሜትሩን መሐል ላይ ትከሉ፣ አፉን በጥጥ ድፈኑ። በክዳኑ አይደለም፤ ዘሩ አየር ይፈልጋል። ጠዋትና ማታ ለሁለት ሦስት ቀን አንብቡ።

ሕያው የሆነው በበርካታ ዲግሪ ይበልጣል። ፔርሙዙ ሙቀት አይሠራም፣ የሚሠሩት ዘሮቹ ናቸው።

ላቩዋዚየና ላፕላስ የሚባሉ ፈረንሳዊ ሳይንቲስቶች ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1782 እና 83 ክረምት በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አንድ ትንሽ የጊኒ አሳማ አስቀምጠው የቀለጠውን በረዶ ለኩ። እንስሳው ያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሰል ሲነድ ከሚያወጣው ጋር አነጻጸሩና መተንፈስ ቀስ ያለ መቃጠል ነው አሉ። ዋናው ሐሳብ እስከ ዛሬ ቆሟል። "ቀስ ያለ" የምትለዋ ቃል ላይ ግን ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ስኳር እሳት ላይ ብትጥሉ ጉልበቱ በአንዴ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሴል ግን ይቆራርጠዋል። ፓይሩቬቱ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ገብቶ ሃንስ ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ዑደት ውስጥ ይዞራል፣ ካርቦኑ በሙሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፣ ኤሌክትሮኖቹ ደግሞ ተለቅመው በሚቶኮንድሪያ የውስጥ ሽፋን ላይ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው ይወርዳሉ። በወረዱ ቁጥር የሚለቁት ጉልበት ፕሮቶኖችን (ኤሌክትሮናቸውን ያጡ የሃይድሮጅን ቅንጣቶችን) ከሽፋኑ ወዲያ ማዶ ይገፋል። ፕሮቶኖቹ በአንድ ወገን ይከማቻሉ፣ ልክ የቆቃ ግድብ ውሃውን እንደሚያቁረው። የሚመለሱበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ኤቲፒ ሲንቴዝ በሚባል፣ በእውነት በሚሽከረከር ሞለኪውል ውስጥ ማለፍ። እየተሽከረከረ ኤቲፒ ይሠራል። ይህን የፕሮቶን ሐሳብ ፒተር ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ በ1978 ኖቤል አገኘበት።

ኦክስጅንስ? የመጨረሻው ተቀባይ ነው። ወርደው የደከሙትን ኤሌክትሮኖች ከሃይድሮጅን ጋር ይዞ ውሃ ይሆናል። ኦክስጅን የምንስበው በዋናነት ለዚች ነው። ተቀባዩ ለጥቂት ደቂቃ ከጠፋ መስመሩ ሁሉ ይቆማል፣ አእምሮ ቀድሞ ይጎዳል።

ትርፉን አወዳድሩ። ያለ ኦክስጅን ከአንድ ግሉኮስ 2 ኤቲፒ፣ በኦክስጅን ከ30 እስከ 32። እንደዚያም ሆኖ ከስኳሩ ጉልበት ከግማሽ በላዩ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ብቅሉን ያሞቀው ይህ ነው፤ እኛንም። በቀን 2,000 ኪሎካሎሪ የሚጠቀም ሰው በአማካይ 97 ዋት ያህል ይለቃል። ሰው የሞላበት ክፍል የሚታፈነው በትንፋሽ ብቻ አይደለም።

ወደ ሐይቁ ውረዱ

ይህኛው ሥራ ሳይሆን መመልከት ነው፣ ሐዋሳ ለሆነ ሰው ደግሞ ሳያየው ባያልፍ እላለሁ። ጠዋት አሞራ ገደል ሂዱ። ዓሣ አጥማጆቹ ሲያወርዱ ቆሮሶና አምባዛን አስተያዩ። ቆሮሶው ከውሃ ከወጣ ብዙም አይቆይም። አምባዛው ግን እንደተጣለ ረጅም ጊዜ ይንፈራገጣል። ጭንቅላቱ ውስጥ ከአየር በቀጥታ ኦክስጅን የሚወስድበት ተጨማሪ አካል አለው፤ የመጨረሻውን ተቀባይ ውሃ ሲነፍገው ከአየር ይወስዳል።

ቆሮሶውን ሲበልቱት ደግሞ ቆዳው እንደተገፈፈ ጎኑን እዩ። ነጭ ሥጋ ነው፣ መሐሉ ላይ ግን ከጭንቅላት እስከ ጅራት የሚሄድ ቀጭን ቀላ ያለ መስመር አለ። ቀዩ ሚቶኮንድሪያ የበዛበት ጡንቻ ነው፣ ቀስ ብሎ ሲዋኝ የሚሠራው። ነጩ ድንገት ለመፈትለክ ነው፤ ያለ ኦክስጅን በፍጥነት ይሠራል፣ በፍጥነትም ይደክማል። አንድ ብር ሳታወጡ የሁለት ዓይነት ጡንቻ ትምህርት።

ሥራ አምስት፦ የራሳችሁ ሰውነት

የልብ ወይም የአስም ችግር ያለበት ሰው ይህን ይለፍ።

ለአምስት ደቂቃ ቁጭ በሉና አንጓችሁ ላይ የልብ ምታችሁን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከዚያ ደረጃ ላይ ለአንድ ደቂቃ በፍጥነት ውጡ፣ ውረዱ። እንደቆማችሁ ወዲያው ለ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ። በየደቂቃው ድገሙት፣ ወደ መጀመሪያው እስኪጠጋ።

የመጀመሪያዎቹን 10 ሰከንዶች ያህል የተሸከማችሁ ጡንቻ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ፎስፎክሪያቲን፣ ያለቀውን ኤቲፒ ቶሎ የሚተካው ነገር ነው። ቀጥሎ ግሉኮስን ያለ ኦክስጅን መስበር ጎልቶ ይሠራል፤ ጭኑ ማቃጠል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እየቆየ ደግሞ የሚቶኮንድሪያው መንገድ ይረከባል። ከቆማችሁም በኋላ የምታለከልኩት ያለቀው እየተሞላ፣ ላክቲክ አሲዱም እየተነሣ ስለሆነ ነው። በነገራችን ላይ በማግስቱ ለሚሰማችሁ የጡንቻ ሕመም "ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብኝ" አትበሉ። እሱ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይጸዳል። ማግስቱን የሚያመው በጡንቻው ክሮች ላይ የደረሰ ጥቃቅን ጉዳት ነው።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት፣ አብሮም በየትንፋሹ የሚገኘው ኦክስጅን፣ ከባሕር ዳርቻ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ የልብ ምቱ ከእናንተ ከፍ ቢል አትገረሙ።

አሁን ወጪያችሁን አስሉ። የአንዱን ደረጃ ቁመት በሜትር ለኩ፣ በወጣችሁት ደረጃ ብዛት አባዙ። ክብደታችሁን በ9.8፣ ከዚያ በቁመቱ አባዙ፤ ውጤቱ ጁል ነው። ለምሳሌ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በጠቅላላው 100 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ 58,800 ጁል፣ ማለትም 14 ኪሎካሎሪ ሠራ። ጡንቻ ግን ከሚያወጣው ሩብ ያህሉን ብቻ ነው ወደ ሥራ የሚለውጠው፣ ስለዚህ በእርግጥ የወጣው 60 ኪሎካሎሪ ገደማ ነው። በስኳር ስንመነዝረው 15 ግራም፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ። ታቦር ተራራን ለመውጣት ስታስቡ በዚሁ ስሌት መጀመር ትችላላችሁ።

አልሠራ ካለ

ፊኛው ካልተነፋ በመጀመሪያ የእርሾውን ቀን እዩ፣ ከዚያ ውሃው በጣም ሞቆ እርሾውን አለመግደሉን። የፊኛው አፍ ላይም አየር ሊያፈስ ይችላል፤ በላስቲክ እሰሩት። የቆስጣው ክብ ካልተንሳፈፈ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ጠውላጋ ቅጠል ወይም የደመና ቀን ነው። ገና ከመጀመሪያው ካልሰመጠ ደግሞ ሳሙናው አንሷል። የምራቁ ስኒ ካልተለወጠ የድንቹ ውሃ በጣም ወፍራም ነው፣ በሌላ ውሃ አቅጥኑት። ብቅሉ ካልሞቀ ውሃ አቁሮ ይሆናል፤ በውሃ የተሸፈነ ዘር አየር አያገኝም፣ ስለዚህ ደህና አድርጋችሁ አጥልላችሁ እንደገና ጀምሩ። ደብተራችሁ ላይ ያልሠራውንም ጻፉት፣ ሰዓቱን፣ የቀኑን ሙቀትና ስንት ማንኪያ እንደጨመራችሁ ጭምር፤ በሚቀጥለው ጊዜ ምን መለወጥ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።